የቅዳሜ ጠያቂዎች

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወጣ ቁርጥ ቁርጥ የሚልብህ ትንፋሽ ተሻለህ ወይስ እንደ አባባ "ምንም አይደል" እያልክ ታልፈዋለህ? ባለቤትህስ አዲሱን ሥራዋን ለመደችው? ትልቋ ልጅህ ፈተናዋ እንዴት ሆነላት? ትንሹስ የወለቁት ጥርሶቹ በቀሉለት ወይስ አሁንም እያፏጨ ነው የሚያወራው? እኛ ደህና ነን። የእማዬ የዳሌ አጥንት ገጥሟል፤ በክራንች እስከ መስኮቱ ትሄዳለች፣ ምግብም ትበላለች። እኔም አለሁ፤ ጀርባዬን ከማመሙ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ሰላምታውን ማብዛቴ አልጠፋህም። ታውቀኛለህ፣ ጥፋት ሳጠፋ ወሬ አበዛለሁ። ልጅ ሆነን የአባባን የእጅ ሰዓት ውሃ ውስጥ የከተትኩ ቀን ስለ ጎረቤት ድመት ግማሽ ሰዓት ሳወራልህ፣ "ምን ሰበርሽ?" ብለህ ያስቆምከኝ አንተ ነህ። አሁንም በዚያው ዓይንህ እያየኸኝ አንብበው።

በመጨረሻው ደብዳቤህ አንድ ነገር ጠይቀኸኝ ነበር። ቤቱ ከአባባ ሞት በኋላ በሦስታችን ስም ስለሆነ ያላንተ ፊርማ እንደማይሸጥ ታውቃለህና፣ "እማዬ ራሷ ይሸጥ ብላለች ወይ? እሷ ካለች ውክልናውን እልካለሁ፤ ካላለች ግን አይነካ" ብለህ። እኔም በአንድ መስመር "ጠይቄያታለሁ፣ እሺ ብላለች" ብዬ መለስኩልህ። ወንድም ጋሼ፣ እሺ አላለችም። ውክልናውን ከመላክህ በፊት ይህችን ደብዳቤ እስከ መጨረሻዋ አንብብልኝ፤ ልከኸው ከሆነም ሲደርሰኝ ሳልከፍት አስቀምጠዋለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት እማዬን እያገላበጥኳት ነበር፤ ከሆስፒታል ስትወጣ ነርሷ እንዳሳየችኝ አንድ እጄን ከትከሻዋ፣ አንዱን ከጉልበቷ በታች፣ ትራስ በእግሮቿ መሃል። ፊት ለፊት መጠየቅ ስላልቻልኩ እዚያው ከጀርባዋ ሆኜ "እማዬ፣ ቤቱን ብንሸጠውና አንቺም እኔ ጋ ብትጠቃለይ ምን ይመስልሻል?" አልኳት። እሷም ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ "እ" አለች። ያቺን "እ" ታውቃታለህ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ "አዎ" የምትለው በሷ ነው፤ አባባ "የኔ ሚስት በትንፋሽ ነው የምትስማማው" እያለ ይቀልድባት ነበር። ግን እኮ የተሰበረ ዳሌ ሲገላበጥም ከሰው የሚወጣው ድምፅ ያው ነው። ሁለተኛ ልጠይቃት ይገባኝ ነበር። አልጠየቅኳትም። ብርድ ልብሷን አስተካከልኩና ላንተ የምጽፍበት ወረቀት ፍለጋ ሄድኩ። የትኛዋ "እ" እንደሆነች ልቤ ያውቅ ነበር።

ደክሞኝ ነው። ይህን ሰበብ ላደርገው ሳይሆን እንድታውቀው ነው የምጽፍልህ። ልብስ ስፌት ቤት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጎንበስ እንዳልኩ እውላለሁ፤ ከዚያ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ እዚህ እደርሳለሁ። የራሴ ክፍል ውስጥ ካደርኩ ሦስት ወር ሆነኝ፤ እማዬ ከወደቀች ጀምሮ አልጋዋ ሥር ፍራሽ ዘርግቼ ነው የምተኛው። ቆርቆሮው ያፈሳል፣ የጓሮው ግንብ ተሰንጥቋል፣ ደጁ ደግሞ ደረጃ አለው፣ ያው የወደቀችበት። የኔ ክፍል ደረጃ የላትም፣ ደረቅ ናት፣ ለሥራዬም ቅርብ ናት። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ክፉው አደራረጌ ነው።

ደላላ ፈለግኩ። በክረምት ቤት ለገዢ አይታይም ያላለኝ የለም፤ ጭቃው፣ ጨለማው፣ ሽታው ሁሉን ነገር ያጋልጣል። ይሄኛው ግን ቅቤ አንጓች ነው፤ "እህቴ፣ በክረምት የሚመጣ ገዢ የምሩን ነው፣ እኛ ደግሞ ቤቷን በጋ እናደርጋታለን" አለኝ። እንዳለውም በጋ አደረግናት። ጠዋት በርና መስኮቱን ከፍቶ የርጥበቱን ሽታ ማስወጣት፣ ገዢ ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ዘግቶ አምፖሉን ሁሉ ማብራት። ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ እንዳይታይ። ደጃፉ ላይ ጠጠር ይፍሰስ። ባልዲው ከሚያፈሰው ቦታ ተነስቶ ወደ ጓሮ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቡናማ የፍሳሽ ምልክት ቀለም ብንቀባው በሳምንቱ ተመልሶ ብቅ አለ፤ ያኔ ደላላው እኔን አየኝ፣ እኔም መጋረጃውን አየሁት። የተቀደደ ቦታ ላይ ኪስ መስፋት ሥራዬ አይደል? ከመስኮቱ አንድ ክንድ የሚሰፋ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርድ፣ ገበር ያለው መጋረጃ ሰፋሁ። እንዴት እንደሚያምር ብታየው። እማዬ "እጅሽ ይባረክ" ብላ መረቀችኝ፣ ለሷ የሰፋሁላት መስሏት።

ቤቱ የበሽተኛ ቤት እንዳይመስልም ታዘዝኩ። ክራንቹ ከበሩ ኋላ፣ ፖፖው ከአልጋው ሥር፣ መድኃኒቱና መነጽሯ መሳቢያ ውስጥ። ማሞቂያ ደግሞ ደላላው ራሱ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪናው ያመጣል፤ ገዢዎቹ ሲሄዱ ገመዱን ጠቅልሎ ይዞት ይሄዳል፣ ለሌላ ቤት ያስፈልገዋላ። የቀረችው እማዬ ነበረች። "እናትየዋን ለሁለት ሰዓት ያህል ዘመድ ቤት ብናደርጋቸውስ?" አለኝ፣ ልክ እንደ ክራንቹ። በዚህ ዝናብ የትም አትወጣም አልኩት። እዚያ ላይ እንኳ ሰው ነበርኩ።

እሱም ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ "እንግዲህ ቅዳሜ ጠያቂ ይመጣል፣ ተዘጋጂ" አለኝ። የቤት ጠያቂ ማለቱ ነው፤ ገዢን እንደዚያ እያለ ነው የሚጠራው። እማዬ ከአልጋዋ ቀና አለችና "ጠያቂ? እኔን?" አለች።

ወንድም ጋሼ፣ ፊቷን ባየኸው። የወደቀች ሰሞን ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰዉ ሳሳ፣ ዝናቡ ሲገባ ጭራሽ ቆመ። ማንንም አልወቅስም፤ ጭቃ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ሰውም የራሱ ጣጣ አለው። እሷ ግን የውጪው በር በተንኳኳ ቁጥር አንገቷን ታቀናለች። ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ እንኳ "ግባ፣ ትንሽ ተቀመጥ" ብላው እየሳቀ ሄዷል። እና "እኔን?" ስትለኝ፣ አይ እማዬ፣ ቤቱን ነው ለማለት አፌን ከፍቼ "አዎ፣ አንቺን" አልኩ። ምን ነክቶኝ እንዳልኩት እስካሁን አላውቅም። ደላላው ፈገግ ብሎ በሩን ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ቀድማኝ ትነቃለች። ፀጉሯን አበጥሪኝ ትለኛለች፤ ያንን ለትልቅ ቀን የምታስቀምጠውን ግራጫ ቀሚስ ለብሳ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ብርጭቆዎቹ ታጥበው እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ሻዩ ቀድሞ እንዲፈላ ታዘኛለች። ከሚመጡት አንዱንም አታውቅም፤ ግን አባባ ሠላሳ ዓመት አስተምሮ የለ፣ ለእማዬ የማታውቀው ሰው ሁሉ የሱ ተማሪ ነው። "እስከ ዛሬ አልረሱትም፣ አየሽ" ትለኛለች። ሰዎቹን ክፍል ለክፍል ሳዞራቸው ደግሞ እንግዳን ቤት ማሳየት ወግ ነው ብላ ነገሬም አትለው። ደላላው በር ላይ "አሮጊቷ ሆደ ባሻ ናቸው፣ ዋጋ ምናምን እሳቸው ፊት እንዳታነሱ" እያለ ያስጠነቅቃቸዋል። ሰዎቹም ደጎች ናቸው፤ "እንዴት ነዎት እናቴ? ተሻለዎት?" ይሏታል። እሷ እንግዲህ ትተርካለች፤ ከደረጃው እንዴት እንደተንሸራተተች፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ ልጇ እንዴት አድርጋ እንደምታስታምማት። የኔን ምስጋና በማላውቀው ሰው ፊት ስትደረድር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ነጋዴ ከነወንድሙ መጣና እጁን እያፋተገ "ቤቱ እንዴት ይሞቃል!" አለ። እማዬ ደስ ብሏት "እናንተ ስትመጡ ነው የሚሞቀው። ሌላ ቀንማ ጣቴ አይታጠፍልኝም፤ ይሄ ደግ ልጅ ለኔ ብሎ ማሞቂያውን ተሸክሞ ይመጣል" ብላ ደላላውን በእጇ አሳየችው። ነጋዴው እኔን አየኝ፣ እኔ ወለሉን አየሁ። አንድ ማሞቂያ መግዛት እንዴት እንዳልታየኝ እስኪ ንገረኝ። አቅም አጥቼ አይደለም። በቃ አላሰብኩትም። ስድስት ቀን እናቴን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ትቻት እየሄድኩ፣ በሰባተኛው ቀን ለማላውቀው ሰው ቤት አሞቃለሁ።

አራተኛው ቅዳሜማ ሊያስቅህ ይችላል። አንድ ጡረተኛ ባልና ሚስት መጋረጃውን እያደነቁ ቆመው ሳለ ዝናቡ ወረደ፤ ያቺ የለመደችው ጠብታ ከኮርኒሱ ላይ ተነስታ የሰውዬው ባርኔጣ ላይ ጧ አለች። እማዬ ደንግጣ "ልጄ፣ ባልዲውን የት አደረግሽው? እንግዳ እኮ አስመታሽ!" ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞራ፣ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚያፈሰው፣ ወንበሩን ወደዚያ ሳብ አድርጉት ብላ ደረቁን ቦታ አሳየቻቸው። ሻያቸውን ጠጥተው አመስግነው ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። ደላላው ጥርሱን ነከሰብኝ። እኔ ግን ለአንድ አፍታ ልቤ ቅልል ብሎት ነበር፣ ቤቱ ውስጥ አንድ እውነት የሚናገር ሰው በመኖሩ።

በአምስተኛው ቅዳሜ አንድ የአውቶቡስ ሾፌርና ነፍሰ ጡር ሚስቱ መጡ። ሾፌሩ ጭቃ እንዳያስገባ ጫማውን ደጅ አውልቆ በካልሲ ገባ። እማዬ ይህን ስታይ አንጀቷን በላትና "ኧረ ግቡ ግቡ፣ ምን ያስጨንቃችኋል፣ ቤታችሁ ነው!" አለቻቸው። ሁለቱ ተያዩ። ቀጥላ ሾፌሩን "አንተንም አስተምሮሃል?" ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው ግራ ገብቶት ወደኔ ዞረ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አዎ በላት ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት። "አዎ እናቴ፣ አስተምረውኛል" አለ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። የሰው ልጅ ቤቴ ጠርቼ አስዋሸሁ። ሚስትየዋ እማዬ አጠገብ ቁጭ ብላ እጇን ይዛት ቆየች፤ ሲወጡም እማዬ ሆዷን ዳብሳ በሰላም ተገላገይ ብላ መረቀቻት።

ሰኞ ደላላው ደወለልኝ። ቤቱን ወደውታል፣ ፍሳሹንም እናሠራዋለን ብለዋል፣ ቶሎ መፈራረም ይፈልጋሉ። "ደስ ያላቸው ደግሞ እናትየዋ ናቸው። 'ቤታችሁ ነው' ብለው በአፋቸው ሰጥተውናል ብላ ሚስትየዋ አለቀሰች" አለኝ። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ የሰው ሱሪ እየዘመዘምኩ "ጥሩ ነው" አልኩት።

ሐሙስ የሽያጭ ውሉን ይዞ ስፌት ቤት ድረስ መጣ። የእማዬ ፊርማ ቀድሞ ከገባ የሚቀረው ያንተን ውክልና መጠበቅ ብቻ ነው አለኝ። ምን ብዬ ላስፈርማት ስለው ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም፤ "የሐኪም ወረቀት ነው በያት" አለኝ። ወንድም ጋሼ፣ አዋርጄ አባረርኩት ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ቤት ስደርስ እማዬ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ትሪ ጉልበቷ ላይ አስቀምጬ ወረቀቱን ዘረጋሁ፣ እስክሪብቶውን አስያዝኳት። "የምን ነው?" አለች። "የሐኪም" አልኳት። መነጽሯን በዳበሳ ፈለገችው። መነጽሩ ከቅዳሜ ጀምሮ ያው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ "አየሽልኝ ወይ?" ስትለኝ "እፈልግልሻለሁ" እያልኩ አልፌያታለሁ። ስታጣው ተወችውና "አንቺ ካልሽ" ብላ ጎንበስ አለች። አንቺ ካልሽ። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈች፤ እንደምታውቀው ቀስ ብላ፣ አሳምራ ነው የምትጽፈው። ሁለተኛውን ስትጀምር ወረቀቱን ከእጇ ሥር ሳብኩት። እስክሪብቶው ቀሚሷ ላይ ረጅም መስመር አሰመረ።

ሁሉንም ነገርኳት። ከ"እ" ጀምሬ እስከ ሐኪሙ ወረቀት ድረስ አንድም አላስቀረሁ። መጋረጃውን ገልጬ ምልክቱን አሳየኋት፣ መነጽሯን አውጥቼ ሰጠኋት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ አባባ፣ በቁሜ ሸጣችሁኝ ብላ። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠራርጋ አደረገችውና "ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሰው እኔን ብሎ የመጣ አንድም አልነበረም?" አለች።

እኔ አለቀስኩ፣ እሷ አላለቀሰችም። "ያን ሁሉ ሻይ አጠጥተናቸው" አለች፤ ልታስቀኝ ፈልጋ ይሁን ተናዳ አላወቅኩም።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ ማሞቂያ ገዛሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ደላላው እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ፤ ስልኩ ላይ ያልወረደብኝ ነገር የለም፣ የሚገባኝም ይኸው ነው። ሾፌሩንና ሚስቱን ራሴ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ፤ እነሱም ልባቸው ቤቱ ውስጥ ገብቷል፣ ነገሩን ከየት እንደምጀምርላቸው ጨንቆኛል። እማዬ ዛሬም በጠዋት ተነሳች፤ ፀጉሬን አበጥሪኝ ግን አላለችም። ማሞቂያውን እግሯ ሥር አድርጌ አበራሁላት። ዝቅ ብላ አየችውና "ዛሬ እኮ እንግዳ የለም፣ አጥፊው" አለችኝ።

አላጠፋሁትም። እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ስለ ቤቱ ምን ልበልልሽ ስላት "ስለ ቤቱ ሲመጣ ራሴ እነግረዋለሁ" አለች። ይሸጥም ትበል አትሽጡም ትበል፣ ከሷ አፍ፣ በሙሉ ቃል፣ ፊቷን እያየህ ስማው፤ በኔ በኩል የሚደርስህን እሺታ ከእንግዲህ አትመነው። አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፣ የጥፋተኛ አፍ ቢሆንም። ጥያቄውን በኔ በኩል መላኩ፣ መልሱንም በአንድ መስመር መቀበሉ ላንተም ሳይቀልህ አልቀረም። ከሄድክ ስድስት ክረምት ሆነ። ስደበኝ፣ ተቆጣኝ፣ እንደፈለግክ አድርገኝ፤ ግን ና።

ባለቤትህን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ እማዬ ላይ ነው፣ ለኔ ጠቦኝ ነበር። ትልቋን አክስትሽ በፈተናሽ ኮርታለች በላት፣ ውጤቱ ምንም ይሁን። ያንን ፉጨታሙን ጥርሶቹ ሳይበቅሉ ድምፁን በስልክ አሰማኝ፤ አያቱም መስማት ትፈልጋለች። እማዬ ደህና ናት፣ ሰላም ትልሃለች። ና ብዬ እየጻፍኩለት ነው ስላት መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችኝና፣ "እሱስ የሚመጣው ቤቱን ሊያይ ነው እኔን?" አለችኝ። ይህችን እንኳ እኔ አልመልስልህም።

የበደለችህ ታናሽ እህትህ

ከእማዬ ወንበር አጠገብ፣ ከመስኮቱ ሥር
ክረምቱ በገባ በሰባተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ